የጤና ጣቢያው ሚዛን

ልጅ ሳለሁ በዓለም ላይ እንደ ጤና ጣቢያችን ሚዛን ቶሎ ቶሎ የሚበላሽ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። አጎቴ በየወሩ ሊጠግነው ይሄዳል፤ በወሩ ደግሞ ተበላሽቶ ይጠብቀዋል።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ሥራው ሚዛን መጠገን ነበር። የሚኖረው ከእኛ ጋር ነው፤ መንገድ ዳር ያለችው የፊት ክፍል ሱቁ፣ ከኋላዋ ያለችው ጠባብ ክፍል መኝታው ነበሩ። ሰፈሩ «ባለሚዛኑ» ይለዋል፤ እኔ ጋሽዬ እለዋለሁ። ወደ ጤና ጣቢያው በሚሄድበት ቀን ጢሙን ተላጭቶ፣ ሰማያዊ የሥራ ካፖርቱን ለብሶ፣ የመመዘኛ ሳጥኑን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ይወጣል። ፊት ለፊታችን ያለው ባለሥጋ ቤት ይህን አይቶ ዝም አይልም።

«ባለሚዛኑ! ወዴት ነው?»

«የጤና ጣቢያው ሚዛን ታሞ ነው።»

«አሁንም? እሱ መቼ ነው የሚድነው?»

«ስንት በሽተኛ እየወጣበት እንዴት ይዳን? ተጋብቶበት ይሆናላ!»

ባለሥጋ ቤቱ እስኪያስለው ይስቃል። እኔም ደጃፍ ቆሜ እስቃለሁ።

ሳጥኑ ከእንጨት የተሠራ፣ ውስጡ ቀይ ከፋይ የለበሰ ነበር። ከአንድ ግራም ጀምሮ እስከ ግማሽ ኪሎ ድረስ ያሉ የናስ መመዘኛዎች እያንዳንዳቸው በልካቸው በተቆፈረ ጎድጓዳ ውስጥ ይቀመጣሉ። በባዶ እጅ መንካት ክልክል ነው። ትንንሾቹ በወረንጦ፣ ትልልቆቹ በጨርቅ ነው የሚነሱት። «የጣት ላብም ይመዝናል» ይላል ጋሽዬ። ትልቁ፣ ባለ አንድ ኪሎው፣ እኔ ሳልወለድ ጠፍቷል። በእሱ ቦታ በጥጥ የተጠቀለለች ነጭ ብልቃጥ ተቀምጣለች። ጥጡ ስትንቀሳቀስ እንዳትንኳኳ ነው።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ራዲዮኑ ዜና ሲጀምር፣ ከብልቃጧ አንድ ኪኒን አውጥቶ ይውጣል። ምን እንደሆነች ስጠይቀው «የእጅ ማጽኛ» አለኝ። ከዋጠ በኋላ እጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘርግቶ ይጠራኛል።

«የኔ ተቆጣጣሪ፣ ነይ እስቲ! ይንቀጠቀጣል?»

አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አያለሁ። «አይንቀጠቀጥም።»

«ፈርሚልኝ።»

በአየር ላይ እፈርማለሁ። በአንዳንድ ቀን ግን ብልቃጧ አትከፈትም፤ እኔም አልጠራም። ሳልጠራም አያለሁ።

ኪኒኗ የኤች አይ ቪ መድኃኒት እንደነበረች፣ ሳጥኑም ጤና ጣቢያው ውስጥ የሚከፈተው ብልቃጧን ለመሙላት ብቻ እንደነበረ ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሰማያዊውን ካፖርት የሚለብሰውና ሳጥኑን የሚሸከመው ለባለሥጋ ቤቱ ዓይን ነበር። ሚዛን ጠጋኝ በየትኛውም በር ቢገባ ማንም «ምን ልትሠራ?» አይለውም።

ጋሽዬ ይጠጣ ነበር። አንዳንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቁን ዘግቶ ይወጣና የቀለም ማቅጠኛ እየሸተተ ይመለሳል። ሲጠጣ ክፉ አይሆንም፤ እንዲያውም ትሕትናው ይበዛል። ሲገባ በሩን «ደህና ዋልሽ?» ይለዋል። ወንበር ከመታ ወንበሩን ይቅርታ ይጠይቃል። እናቴ ላለመሳቅ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፤ ዞራ ግን አንዳንዴ የምታደርገው ነገር ሳቅ እንዳልነበረ አሁን እገምታለሁ።

ይህ ሁሉ በሆነበት ዓመት በቀበቶው ላይ በወስፌ አራት አዲስ ቀዳዳ በስቼለታለሁ። «ቆዳ ሲያረጅ ይረዝማል» አለኝ፤ አመንኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እኔን ሱቁ ውስጥ ካለው ባስኩላ ላይ አቁሞ ይመዝነኝና ቁጥሩን በእርሳስ በበሩ መቃን ላይ ይጽፋል። እሱ ራሱ ግን ባስኩላው ላይ ሲወጣ አንድም ቀን አላየሁም።

አንድ ቀን፣ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ወቅት፣ ይዞኝ ሩቅ ሄደ። በሁለት አውቶቡስ ነው የደረስነው። አረንጓዴ የብረት በር ያለው ግቢ ነበር። ካፖርቱንም ለብሷል፣ ሳጥኑንም ይዟል፤ ስለዚህ አዲስ ደንበኛ አገኘን ብዬ ደስ ብሎኛል። ከመስኮት ጀርባ የተቀመጠው መዝጋቢ ብዙ ጠየቀው። ጋሽዬ አጎንብሶ፣ አፉን ወደ መስኮቱ ቀዳዳ አስጠግቶ ይመልሳል። እኔ ሳጥኑን ይዤ አጠገቡ ቆሜያለሁ።

«ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» አለ መዝጋቢው።

ጋሽዬ ሳጥኑን ከእጄ ተቀብሎ ከፈተና ብልቃጧን አሳየው። መዝጋቢው ብልቃጧን አየ፣ ጋሽዬን አየ፣ ብዕሩን አስቀመጠ።

«እንግዲህ ይሄ ካለ እኛ ብቻችንን አንጀምርልዎትም። ይሄን ከሚሰጡዎት ቦታ ደብዳቤ ያምጡ።»

«እዚህ መምጣቴን እዚያ አያውቁም።»

«ይንገሯቸዋ።»

«ብነግራቸው መድኃኒቱን ይከለክሉኛል እኮ፣ ወንድሜ።»

«እሱን እኔ አላውቅም። ያለ ደብዳቤ ግን አይሆንም። ቀጣይ!»

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ሳጥኑን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። «ጋሽዬ፣ ሚዛናቸው ምን ሆኖ ነው?» አልኩት።

«ለሌላ ጠጋኝ ሰጡት» አለኝ። የሳጥኑን ክዳን በአውራ ጣቱ እየጠረገ ነበር።

በዚያው ቀን እናቴ ዕቃ እያጠበች፣ እሱ እያደረቀ ሲነጋገሩ የቤት ሥራ የምሠራ መስዬ አዳመጥኩ።

«ደብዳቤ ነው የሚሉት» አለ ጋሽዬ። «ያለ ጤና ጣቢያው ደብዳቤ እነዚያ አይቀበሉኝም።»

«ታዲያ ለጤና ጣቢያው ሲስተር ንገራት። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ነግረሃታል?»

«ምን ብዬ? በየወሩ ‹ትጠጣለህ?› ትለኛለች፣ በየወሩ ‹ኧረ በጭራሽ› እላለሁ። የመጀመሪያ ቀን የነገሩኝን ረሳሽው? መድኃኒትና መጠጥ አንድ ሆድ ውስጥ አይገናኙም ነው ያሉኝ። ቢያቋርጡብኝስ፣ እትዬ?»

«እንግዲያው መጠጡን በራስህ ተወው!»

«አምና ስተወው የሆነውን አይተሻል።»

እናቴ አንዱን ሳህን ሁለት ጊዜ አጠበችው።

አረንጓዴው በር የመጠጥ ሱስ ማገገሚያ መሆኑን ገና አላውቅም፤ እኔ የገባኝ እንዲህ ነው። አረንጓዴው በርና ጤና ጣቢያው የተጣሉ ደንበኞች ናቸው፤ ጋሽዬ ለአንዱ ከሠራ ሌላው ይቀየመዋል። አምና ደግሞ ሱቁ ውስጥ መደርደሪያ ወድቆበት ነበር፤ የሚዛን ሳህኖች ሲንኳኩ ሮጠን ስንገባ መሬት ላይ አገኘነው። መደርደሪያው መውደቁን ያየሁት በዓይኔ ነው። ያላየሁት፣ መደርደሪያውን ይዞት የወደቀው እሱ መሆኑን ነው። መጠጡን በገዛ ፈቃዱ፣ ያለ ሐኪም፣ በአንድ ጊዜ ባቆመ በሦስተኛው ቀን ሰውነቱ ተንቀጥቅጦ ጣለው። በሰባተኛው ቀን ወደ መጠጡ ተመለሰ።

ያም ሆነ ይህ፣ ጋሽዬ እየቀለለ፣ እያሳለ፣ ሥራ እያቃተው መሆኑን እኔም አይቻለሁ። ሊያድነው የሚችል ሰው ካለ ደግሞ ተቆጣጣሪዋ መሆን አለባት። ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው፦ «አንዴ በመዘንሽው አትተማመኚ። ደጋግመሽ መዝኚ፣ ጻፊ፣ ከዚያ ተናገሪ።»

ስለዚህ ጻፍኩ። በሒሳብ ደብተሬ መጨረሻ ገጾች ላይ ሦስት ዓምድ አሰመርኩ፤ ኪኒን፣ ሽታ፣ እጅ። ለሃያ ስምንት ቀን በየቀኑ ሞላሁት። አሥራ ሰባት ቀን ኪኒኗን ዋጠ፤ በአሥራ ሰባቱም አልሸተተም። አሥራ አንድ ቀን አልዋጠም፤ በአሥራ አንዱም ሸተተ። በነጋታው እጁ ይንቀጠቀጣል። አንድም ከመስመር የወጣ ቀን የለም።

ግልጽ ነው። ኪኒኗ መጠጥን ትከለክላለች። ጋሽዬ በረሳት ቀን መጠጡ ያገኘዋል።

ዛሬ ሥራዬ የሆስፒታል መለኪያዎችን መፈተሽ ነው፤ እንዲህ ያለ ንጹሕ መዝገብ አዋቂዎች ሞልተውት ያየሁበት ጊዜ ብዙ አይደለም። ቁጥሮቹ እንከን አልነበራቸውም። የተሳሳትኩት የትኛው የትኛውን እንደሚያመጣ ነው። ጋሽዬ ጠዋት ተነስቶ ዛሬ እንደሚጠጣ ካወቀ ብልቃጧን አይከፍትም ነበር። ሚዛን ጠጋኝ ነዋ፤ የነገሩትን በግራም ይይዛል። አይገናኙም ካሉት አይገናኙም። የመጀመሪያ ቀን ያናገረው አማካሪ ማለት የፈለገው መጠጡን ተው ነበር፤ እሱ ግን በሚጠጣበት ቀን መድኃኒቱን ተወ።

ሃያ ዘጠነኛው ቀን ቅዳሜ ነበር። ጠዋት ባስኩላው ላይ አቆመኝ፤ ሃያ ስድስት ኪሎ። መቃኑ ላይ ጻፈው። ብልቃጧን ሳይከፍት ወጣ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመልሶ በሩን ሰላም ሲለው እኔ ዝግጁ ነበርኩ። ከብልቃጧ አንዲት ኪኒን አውጥቼ፣ ወረቀት ላይ አድርጌ፣ በግማሽ ኪሎው መመዘኛ ደቁሻታለሁ። በጨርቅ ነው የያዝኩት፤ ሕግ አልጣስኩም። ዱቄቱን እናቴ ያስቀመጠችለት ሾርባ ውስጥ ጨምሬ አማስዬ አቀረብኩለት።

«ዛሬ ሾርባው መረረ» አለ፤ ግን ሾርባውንም ላለማስቀየም ጨረሰው።

የዚያን ጊዜ ነገርኩት። ደስታዬን መያዝ አቃተኝ። «ጋሽዬ፣ ኪኒንህን ዋጥካት! ሾርባው ውስጥ ነበረች!»

ማንኪያውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። ስካሩ ከፊቱ ላይ እንደ ውሃ ወረደ።

«እትዬ» አለ፤ ድምፁ ከፍ አላለም። «እስቲ ነይ።»

እናቴ ከጓሮ እጇን እየጠረገች ገባች። ነገራት። ራሷን ያዘች። ጋሽዬ ግን ከወንበሩ አልተነሳም፤ ሚዛኖቹን በጣቱ እያመለከተ መናገር ጀመረ።

«የባለሥጋ ቤቱ ሚዛን ሞላው ብቻ ነው የቀረው፣ እዚያ መሳቢያ ውስጥ አለ። የእህል ነጋዴዋ አልቋል፣ ትውሰደው። ያኛው ሳህኑ የሌላ ሰው ነው፣ እንዳይደባለቅ።»

«ምን ትላለህ አንተ?»

«ልጅቷን እንዳትቆጪያት። ጥሩ አድርጋ ነው የፈጨችው።»

«ተነስ!» አለች እናቴ። «ሞቼ ነው የምትሞተው፤ ተነስ ብያለሁ!» ካፖርቱን አላለበሰችውም፣ ሳጥኑን ብቻ ብልቃጧ ስላለችበት እኔን አስያዘችኝ። ደብተሬን ከሥሩ ያዝኩ፤ ማስረጃዬ ነው። ታክሲ ውስጥ መሀላቸው ተቀመጥኩ። ጋሽዬ እጄን ይዞ በየመሃሉ «አይዞሽ» ይለኛል። እኔ ደግሞ ለምን መፍራት እንዳለብኝ አልገባኝም ነበር። መድኃኒት በዋጠ ሰው ማን ያለቅሳል?

ጤና ጣቢያው ሊዘጋ ነበር። ጋሽዬን በየወሩ የምታየው ነርስ፣ ሲስተር የሚሏት መነጽር ያደረገች ትልቅ ሴት፣ የመድኃኒቱን ቁም ሣጥን እየቆለፈች ደረስን። እናቴ በር ላይ ሆና አራት ዓመት የተደበቀውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አፈሰሰችው።

«ጠጥቶ መጥቶ፣ ይቺ ልጅ ኪኒኑን በሾርባ ሰጠችው፣ ሲስተር፣ የሚያስመልሰው ነገር ካለ ይስጡት፣ ኧረ በፈጠረዎት ቶሎ!»

ሲስተሯ መነጽሯን አስተካከለች። «ስንት ኪኒን?»

«አንድ!»

«እና?»

«ምን ‹እና› አለው? ጠጥቷል እያልኩዎት!»

«ሰማሁ እኮ። አንድ ኪኒን ማለት የዛሬው ድርሻው ነው። ቁጭ በሉ።»

ማንም አልተቀመጠም።

«በምትጠጣበት ቀን መዋጥ የለብህም ያለህ ማነው?» አለችው።

«እዚሁ ነው» አለ ጋሽዬ፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «የመጀመሪያ ቀን። አይገናኙም አሉኝ።»

«እና ስትጠጣ መድኃኒቱን ትዘላለህ?»

መልሱ እኔ ጋ ነበር። ደብተሬን ከፍቼ ጠረጴዛዋ ላይ አደረግሁት። ሲስተሯ ጣቷን በዓምዶቹ ላይ እያወረደች አነበበች፤ ገጹን ገለበጠች፤ ከአንገቷ ቀና ሳትል «አሥራ አንድ» አለች። ከዚያ ካርዱን አውጥታ አጠገቡ ዘረጋችው።

«ደምህ ውስጥ ያለው ቫይረስ እየጨመረ፣ መድኃኒቱ እምቢ አለው ብለን ልንቀይርልህ ነበር። መድኃኒቱ ምን በደለ? በሳምንት ሦስት ቀን አታገኘውም!» ቁጣ ይመስል ነበር፤ ግን መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። «ስማኝ። ጠጣህም አልጠጣህም ኪኒኗን ትውጣለህ። ስለጠጣህ መድኃኒት የምንከለክልህ መስሎህ ነው በየወሩ የምትዋሸኝ?»

«አዎ፣ ሲስተር።»

«መጠጡም በሽታ ነው። እንደ ሌላው ይታከማል። ማክሰኞ ማክሰኞ ለዚህ የምትመጣ ሐኪም አለችን፤ እዚሁ፣ ከዚህ ክፍል ቀጥሎ። ሁለት ወር ሆናት። ወንበሯ ባዶውን ነው የሚውለው። ለምን? የምጠይቀው ሰው ሁሉ ‹ኧረ በጭራሽ› ይለኛላ!»

«ደብዳቤ ያስፈልጋል?» አለ ጋሽዬ።

«የምን ደብዳቤ? ካርድህ ይሄው፣ እኔ ይሄው።» ጣቷን አነሳችበት። «እስከ ማክሰኞ ግን በአንዴ አቆማለሁ ብለህ ጀግና እንዳትሆን። ይጥልሃል። ከተንቀጠቀጥክ ማክሰኞን ሳትጠብቅ ና።»

እናቴ ያኔ ተቀመጠች። ለሃያ ደቂቃ ያህል ወንበሩ አጠገቧ ነበር።

«በል ውጣ፣ ልመዝንህ» አለች ሲስተሯ፤ በሩ አጠገብ ወዳለው የሚቆሙበት ሚዛን እያሳየችው። ጋሽዬ ወጣ። ጠቋሚው ሃምሳ ሁለት ላይ ቆመ። ብዕሯን ስታነሳ እጁን ዘረጋ።

«ቆይ፣ አይጻፉት። ይሄ ሚዛን ተፈትሾ ያውቃል?»

«አንተ አይደለህ በየወሩ የምትጠግነው?» አለች እናቴ፤ ሦስቱም ሳቁ። እኔ ምን እንዳሳቃቸው አልገባኝም።

ጋሽዬ ወርዶ ወደ እኔ ዞረ። «ተቆጣጣሪዋ፣ ነይ እስቲ። ዛሬ ጠዋት ስንት ነበርሽ?»

«ሃያ ስድስት።»

«ከዚያ ወዲህ ምን በላሽ?»

«ዳቦ። ሻይ።»

«ሩብ ኪሎም አይሞላ። ጫማሽን አውልቂ፤ ጠዋት ባዶ እግርሽን ነበርሽ። ውጪ፣ አትተንፍሺ።»

ወጣሁ። ብረቱ ይቀዘቅዛል። ጠቋሚው ዋዠቀና ሃያ ስምንት ላይ ረጋ። ጋሽዬ ተንበርክኮ ጠቋሚውን ፊት ለፊት አየ፤ አውርዶ ደግሞ አወጣኝ፤ ሦስተኛ ደገመው። ሃያ ስምንት። እጁ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ እንድፈርምለት ግን አልጠየቀኝም።

«ሞላው ላልቷል» አለ። «በሃያ ስድስት ላይ ሁለት ከጨመረ በእኔ ላይ ወደ አራት ይጨምራል። ሃምሳ ሁለት አይደለሁም፣ ሲስተር። አርባ ስምንት ነኝ።»

እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«አርባ ስምንት ብለው ይጻፉ» አለ። «ትጠጣለህ ለሚለውም፣ አዎ።»

ሲስተሯ ሁለቱንም ጻፈች።

ማክሰኞ ሄደ፤ የሚቀጥለውም ማክሰኞ ሄደ። ሐኪሟ የመጠጥ ጥማቱን የምትቀንስ ሌላ ኪኒን ሰጠችው፤ ከኪኒኗ ይልቅ ግን ብዙ ያወራው ስለ ወንበሯ ነው፤ ፊት ለፊቱ የሚያዳምጥ ሰው የተቀመጠበት ወንበር ነው ይል ነበር። መንገዱ ቀጥ ያለ አልነበረም። በዚያ ዓመት ብቻ ሦስት ጊዜ በራችንን በትሕትና ሰላም ብሎታል። በሦስቱም ቀን፣ በነጋታውም፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ዜናው ሲጀምር፣ ብልቃጧ ተከፍታለች፤ ደብተሬ ላይ አለ። የጤና ጣቢያውን ሚዛን ሞላ ቀየረው። እኔን በየወሩ እየወሰደ ይፈትሽብኝ ነበር፤ በኋላ ግን «ለመመዘኛ አትሆኝም፣ ታድጊያለሽ» ብሎ አሰናበተኝ።

ከዚያ ሁሉ ደጋግሜ የማስታውሰው ግን አምስተኛውን ማክሰኞ ነው። ጋሽዬ ጢሙን ተላጭቶ፣ ካፖርቱን ሳይለብስ፣ በሸሚዝ ብቻ ወጣ። ሳጥኑ ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል፤ ብልቃጧ ደግሞ ከከፋዩ ወጥታ ራዲዮኑ ላይ ቆማለች፤ ለገባ ሁሉ ትታያለች። ሳጥኑን አቅፌ ከኋላው ሮጥኩ።

«ጋሽዬ! ጋሽዬ! ሳጥኑን ረሳኸው!»

መሀል መንገድ ላይ ቆመ። ባለሥጋ ቤቱ እንደ ወትሮው ደጁ ላይ ነበር።

«ባለሚዛኑ፣ ያ ሚዛን ዛሬም ታመመ?»

ጋሽዬ መጀመሪያ እኔን አየኝ፤ ከዚያ ወደ እሱ ዞረ።

«ሚዛኑ ድኗል» አለው፤ መንገዱ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ። «ዛሬ የምሄደው ልመዘን ነው።»